ላምባ ያልሆነው ጋዝ

የታሰርኩት በቀልድ ነው። እንዲህ ስል ሰው ወሬዬን ማጣፈጥ የጀመርኩ ይመስለዋል፤ ግን እውነት ነው። የሰርቪስ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። የፋብሪካ ሠራተኞችን ጠዋት ከሳሪስ አቦ ወደ ቂሊንጦ አደርሳለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ። መንገዱ ሲዘጋ ሰው እንዳይሰለቸው አወራለሁ። አንድ ቀን ስለ አንድ ስብሰባ አወራሁ፤ አንዱ ከኋላ ወንበር በስልኩ ቀዳኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። ተሳፋሪ መስለውኝ ቀስ አልኩና በመስኮት "ሰርቪስ ነው፣ አንጭንም" አልኳቸው።

"እኛ ነን የምንጭንህ" አለኝ አንደኛው።

ጥሩ ቀልድ ነበር። የኔ ባለመሆኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ የትኛው ግቢ እንደወሰዱኝ አልናገርም። የክፍሉ በር ሲከፈት ከሰው በፊት የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ ሽንኩርትና ካልሲ፤ ካልሲው ያለ ባለቤቱ ቆሞ መሄድ የሚችል ዓይነት። ቀጥሎ ዓይኔ ለመደና ሰዎቹን አየሁ። ለሃያ ሰው በተሠራ ክፍል ውስጥ ስድሳ ያህል ነን። በአፌ ሳወራው ስድስት መቶ እላለሁ፤ እዚህ እየጻፍኩ ስለሆነ ስድሳ ነው። የሚተኛው በጎን ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ መስመሩ በሙሉ አብሮ ይገላበጣል።

የክፍሉ ተጠሪ፣ ራሱም እስረኛ የሆነው፣ ካቦ ይባላል። "በምን ገባህ?" አለኝ።

"በቀልድ።"

"እስቲ ንገረን።"

"ከነገርኳችሁ ስድሳችሁም በኔ መዝገብ ትገባላችሁ።"

ሳቁ። በዚያች ሳቅ ግድግዳ ዳር ቦታ ተሰጠኝ። ግድግዳ ዳር ማለት በአንድ በኩል የማንም እግር የማይረግጥህ ቦታ ነው፤ ሌላው ሰው ወራት ጠብቆ የሚያገኘው።

ለሰባት ወር የዚያ ክፍል ንጉሥ ነበርኩ። በራችን የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቆጠራው እንዳለቀ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚይዘው ነገር ስለሌለ እኔን ይይዛል። አቃቂ ወንዝ ሞልቶ አውቶቡሴን እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ እንዴት አንሳፍፎ እንደወሰደው፣ እኔም ውኃ ላይ ሆኜ ፍሬቻ ሳላበራ እንዳልታጠፍኩ፣ ስንት ጊዜ እንደነገርኳቸው አላውቅም። "ሹፌ፣ የወንዙን ድገመው" ይሉኛል። እደግመዋለሁ፤ ወንዙም በየጊዜው ይሰፋል።

ከሁሉም የምወዳቸው አድማጬ ከጎኔ የሚተኙ አንድ አዛውንት ነበሩ። አቃቂ ዳር ሽምብራና ስንዴ ሲያርሱ የኖሩ፣ እርሻው ከተማ ሲሆን "አልነሳም" ብለው የገቡ ሰው ናቸው። ሁላችንም "ኦቦ" እንላቸዋለን። ሲስቁ ይዘገያሉ። ክፍሉ ስቆ ጨርሶ ጸጥ ካለ በኋላ እሳቸው ብቻቸውን ይጀምራሉ፤ ያኔ ሌላው ሁሉ በሳቸው ሳቅ እንደገና ይስቃል። አንድ ቀልድ ሁለቴ የሚከፍልበት ሌላ አገር አላየሁም።

አንድ ቀን ጠዋት ያ ሰውዬ ገባ። ቀጭን፣ የመነጽሩ እጀታ በክር የታሰረ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር።

"በምን ገባህ?" አለው ካቦው።

"በፊርማ።"

"የምን ፊርማ?"

"ደብዳቤ ላይ ፈርሜ።"

"ምንድን ነው የምታስተምረው?"

"ስለ ከዋክብት።"

"ኮከብ ቆጣሪ ነህ በለኛ። የኔን እይልኝ፣ መቼ ነው የምፈታው?"

"እሱን አልችልም። እኔ እንዴት እንደሚወለዱ ነው የማጠናው።"

ይሄ ሰው መጫወቻዬ ነው አልኩ በልቤ። "ቲቸር፣" አልኩት ክፍሉ እንዲሰማ፣ "እኛ በር የሚዘጋብን ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ኮከብ ካየሁ ሰባት ወሬ ነው። የማይታይ ዕቃ ይዘህ ነው የመጣኸው።"

ሰው ሳቀ። እሱም ፈገግ አለ። "እኔም ብዙ አላያቸውም" አለ። "ሥራው አብዛኛው ሒሳብ ነው።"

ይኸው ነው። አልተቆጣም፣ መልሶ አልቀለደብኝም፣ ቀልዴን ተቀብሎ ቁጭ አደረገው። ንጹህ ሸሚዝ ለብሰህ ወጥተህ ዝናብ እንደሚያገኝህ ዓይነት ስሜት ተሰማኝ።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ጠየቁት። ምንጊዜም ጥያቄ የሚጠይቁት እኔን ነበር። "ልጄ፣ ኮከብ ከምንድን ነው የሚሠራው?"

"ከጋዝ ነው አባቴ።"

በኛ ሰፈር ጋዝ ማለት በጀሪካን ከማደያ የሚቀዳው ነው፤ ምድጃ ውስጥ የሚገባው ላምባ። ኦቦ አሰብ አድርገው፣ "ታዲያ እዚያ ድረስ ማን ይቀዳለታል?" አሉ።

ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሆዴን ይዤ ወደቅሁ ብል ማጋነን አይሆንም፤ መውደቂያ ቦታ ስለሌለ ሰው ላይ ወደቅሁ። ቲቸር ግን አልሳቀም። "የኔ ጥፋት ነው" አለ። "ላምባው አይደለም። እንደ አየር ያለ ነገር ነው፤ ከአየርም እጅግ የሳሳ። ስሙ ብቻ ነው የተመሳሰለው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ "ላምባ ያልሆነው ጋዝ" ማለት ጀመረ።

ቲቸር የብስኩት ካርቶን ቀደደና በውስጥ በኩል ክብ ሣለ። ከክቡ መሐል እየተጠማዘዙ የሚወጡ ክንዶች፣ ትናንሽ ነጥቦች፣ ቀስቶች። "ጋላክሲ ማለት ይሄ ነው። የኛን ምሳ ትሪ አስቡት፤ ጠፍጣፋ፣ የሚሽከረከር። ትሪው ላይ ከዋክብት አሉ፣ በመካከላቸው ጋዝ አለ። ጋዙ ግን እኩል አልተዘረጋም። አንዱ ጋ ይታፈጋል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል። ኮከብ የሚወለደው በታፈገበት ነው።"

"ለምን?" አለ ካቦው።

"ጋዙን የሚበትነው ነገር ብዙ ነው። ሙቀቱ ይበትነዋል፣ የትሪው መሽከርከር ጎትቶ ይበጣጥሰዋል። የሚሰበስበው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። በደንብ ካልታፈገ ክብደቱ አያሸንፍም።"

"ገባኝ" አለ ካቦው። "እኛ እዚህ ታፍገን ምንም አልወለድንም እንጂ።"

ሰው ሳቀ። ካቦው መቀለድ ከጀመረ እኔ ምን ልሠራ ነው?

ቀን በቀን ሰው ወደ ሽንት ቤቱ በር መሳብ ጀመረ፤ ቲቸር እንደ አዲስ ገቢ እዚያ ነበር ቦታ የተሰጠው። ሽታ የሌለበት ሰው ሽታ ወዳለበት ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። ሚስቴ በሠርጋችን ቀን ከሚዜዬ ጋር ስትጨፍር እንኳን እንደዚያ አልቀናሁም። አንድ ከሰዓት አዲስ ወሬ አዘጋጀሁ፤ አውቶቡሴ ላይ ጅብ ተሳፍሮ፣ ሥጋ ቤቱ ጋ ስንደርስ "ወራጅ አለ" ማለቱን። ሦስት አድማጭ ነበረኝ። አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ ጆሮው አይሰማም፣ ሦስተኛው ካልሲውን ይሰፋል። "ወራጅ አለ" ያልኩበት ቦታ ላይ ማንም አልሳቀም። ልክ በዚያች ሰዓት ከወዲያ የቲቸር ድምፅ መጣ፦

"ከተወሰነ መጠን በታች ከሳሳ ግን ምንም አይወለድም ማለት ይቻላል።"

ስለ ጋዝ ነበር የሚያወራው። እኔ ስሜን የጠራኝ መሰለኝ።

በማግሥቱ ኦቦ ፍራሻቸውን ጠቀለሉ።

"ወዴት ነው ኦቦ?"

"ወደ ልጁ ጠጋ ልበል ብዬ ነው። ከዚህ አይሰማኝም።"

"ይሄን ቦታዎን ለሽንት ቤት በር?"

"ሽታው ይለመዳል" አሉና በእጃቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉ። "አንተን ከየትም እሰማሃለሁ፤ ድምፅህ ትልቅ ነው።"

ያን ቀን ቲቸር ሲያስተምር ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ ስቤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ኦቦ ሲስቁ ሰማሁ። በኔ ቀልድ አይደለም።

በቀጣዩ ጠዋት የቆጠራው ዋርድያ በሩን ከፈተ። ይሄ ዋርድያ ሁልጊዜ አንድ ነገር እንድወረውርለት ይጠብቃል፤ እኔም ሁልጊዜ እወረውርለታለሁ። አፌ ቀደመኝ ብል ውሸት ነው፤ ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ነበር።

"ኃላፊ፣ ክፍላችንን ፈትሹ። ሽንት ቤቱ በር ጋ ጋዝ እያጠራቀሙ ነው። በደንብ ከታፈገ ይበራል ተብሏል።"

ማንም አልሳቀም። ዋርድያውም አልሳቀም። ቆጠራውን ሳይጨርስ በሩን ዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ ዋርድያዎች አሥር ሆነው መጡ። ሁላችንንም ግቢ አስወጥተው ክፍሉን ገለበጡት። ፍራሽ ተቀደደ፣ ስኳርና በሶ አንድ ላይ ተደፋ። ላምባ የለም። የብስኩት ካርቶኑ ግን ተገኘ። አንዱ ይዞት ወጣና ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው። ለሱ የታየው ክብ ግቢ፣ መሐል ቦታ፣ ጠርዝ፣ ወደ ውጭ የሚሄዱ ቀስቶች። ቲቸር ተጠራ። ዕቃህን ይዘህ ውጣ ሲባል መፈታት ወይም መዛወር ነው። እሱ የተጠራው ያለ ዕቃ ነው፤ ያ ደግሞ ምርመራ ነው። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ተከተላቸው።

ክፍሉን ስናጸዳ ከኔ ጋር ፍራሽ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ኦቦ በሶአቸውን ከሲሚንቶ ላይ በእጃቸው ጠርገው ወደ ፌስታል ይመልሳሉ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

"ለቀልድ ነበር ኦቦ።"

"አውቃለሁ።"

"ጋዙ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ዛሬ እነግርዎታለሁ ብሎኝ ነበር" አሉ።

ካቦውን የግቢው ኃላፊ ዘንድ አቅርበኝ አልኩት። "ተው" አለኝ። "አፍህ ነው እዚህ ያመጣህ፣ አሁን ደግሞ ወዴት ሊወስድህ ነው?" ጨለማ ቤት ማለቱ ነበር። አቅርበኝ አልኩት።

ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ካርቶኑን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከፊቱ የቀዘቀዘ ሻይ።

"ምን ፈለግህ?"

"ጠዋት ያልኩት ቀልድ ነው።"

"የቱ ክፍሉ?"

"በሙሉ።"

ካርቶኑን ወደኔ ገፋ አደረገው። "ይሄስ? የግቢው ካርታ አይደለም?"

"አይደለም ጌታዬ። ጋላክሲ ነው።"

ብዕሩን አነሳ። "ስልክ አስገብታችኋል ማለት ነው።"

በሌላ ቀን ቢሆን ከዚያች አንድ ቃል የሳምንት ወሬ አወጣባት ነበር። ምላሴ ላይ መጣች፤ ዋጥኳት። በሕይወቴ እንደዚያ መራራ ነገር አልዋጥኩም።

"ስልኩ አይደለም። የከዋክብት መንደር በሉት። ጋዙም ላምባ አይደለም፤ እንደ አየር ያለ ነው። እሱ የሚያስተምረው ጋዙ የት ቦታ ሲታፈግ ኮከብ እንደሚወለድ ነው።"

"አንተ ነህ የምትለኝ? አንተ ተናግረህ መቼ ነው እውነት የሆነው?"

"እስቲ በመስኮቱ ይዩ" አልኩት። ግቢው ውስጥ እስረኞች ፀሐይ ላይ ነበሩ። "እዚያ ፀሐዩ ያረፈበት ጋ ሰው ታፍጓል፤ ጨዋታ አለ፣ ክርክር አለ። አጥሩ ጥግ ሰው ሳስቷል፤ አንዱ ከአንዱ ጋር አይነጋገርም። ጋዙም እንደዚያ ነው። የሚበትነው ሙቀት አለ፣ የሚጎትተው መሽከርከር አለ፣ የሚሰበስበው የራሱ ክብደት ነው። ሲታፈግ ክብደቱ ያሸንፋል፣ ኮከብ ይሆናል። ሲሳሳ ይቀራል። ጋዙ እጥፍ ሲታፈግ የሚወለደውም እጥፍ ይሆናል። ቀስቶቹ ትሪው ወዴት እንደሚሽከረከር የሚያሳዩ ናቸው። ይኸው ነው።"

ምንም አልጨመርኩም። ጅብ የለበትም፣ ወንዝ የለበትም። ስናገር ራሴን ሰማሁት፤ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። ለካ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እንኳን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ኃላፊው ካርቶኑን ወደ ራሱ መለሰ። "ሰውዬውን አትወደውም ነው የሚሉኝ።"

"አልወደውም።"

"ታዲያ?"

"እኔ ስላልወደድኩት ጋዙ ላምባ አይሆንም።"

ወረቀት ሰጠኝ። የጠዋቱ ወሬ የፈጠራ መሆኑን እንድጽፍ፣ ለዚህም የአንድ ወር የቤተሰብ ጥየቃ መከልከሌን አውቄ እንድፈርም። ጻፍኩ። አነበበውና መለሰልኝ። "ጨምርበት። 'ቀልዱም አያስቅም' በል።"

ሚስቴ በሩ ድረስ ምግብ ይዛ መጥታ ስትመለስ ታየኝ፤ ያን ቻልኩት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ያም ሆኖ ጻፍኳትና ፈረምኩ።

ቲቸር በማግሥቱ ከሰዓት ተመለሰ። የመነጽሩ አንደኛው መስታወት የለም። ሲቀመጥ እጁን ግድግዳው ላይ ደግፎ ቀስ ብሎ ነው። ማንም ምን ሆንክ ብሎ አልጠየቀውም፤ እዚያ አይጠየቅም። ካቦው ያለ ምንም ንግግር የቲቸርን ፍራሽ ከሽንት ቤቱ በር አንስቶ እኔና ግድግዳው መካከል አነጠፈው። ስንዝር ከግማሽ ወደ መሐል ተገፋሁ።

"ለኃላፊው ያስረዳኸው አንተ ነህ አሉ" አለኝ።

"እኔ ነኝ። ያስወሰድኩህም እኔ ነኝ።"

"እሱንም ነግረውኛል።" በባለ አንድ መስታወት መነጽሩ አየኝ። "ምን አልከው?"

ቃል በቃል ደገምኩለት። ኦቦ ተጠግተው ያዳምጣሉ። "ጋዙ እጥፍ ሲታፈግ የሚወለደውም እጥፍ ይሆናል" ስል እጁን አነሳ።

"እዚያ ጋ ተሳስተሃል።"

"አጋነንኩ?"

"አሳነስክ። እጥፍ ሲታፈግ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ነው የሚወለደው። ያን ቀን ተኝተህ ነበር መሰለኝ።"

አንዱ መሳቅ ጀመረ፣ ስድሳ ሰው ሳቀ። ሹፌ አሳንሶ ተያዘ ሲባል በመስመሩ እስከ በሩ ድረስ ሲተላለፍ ይሰማኝ ነበር። ሁሉም ስቆ ሲጨርስ ኦቦ ጀመሩ። በኔ ላይ ነው የሳቁት፤ ያሳቀው ግን እሱ ነው። ቀናሁ። የጎደለውን መስታወት እያየሁ እንኳን ቀናሁ።

"ጋዙ ሲያልቅስ?" አሉ ኦቦ እንባቸውን እየጠረጉ።

"ሁሉም ጋ እኩል አያልቅም አባቴ። የታፈገው ጋ ብዙ ስለሚወለድ ቶሎ ያልቃል። ዳር ላይ፣ የሳሳው ጋ፣ ለረጅም ዘመን ይቆያል።"

ኦቦ አሰቡበት። "እንግዲያ ዳር ያለውም ሰው ነው" አሉና ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

ቲቸር ከኔ በፊት ዕቃህን ይዘህ ውጣ ተባለ። የት እንዳለ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም። እኔም ወጥቼ ወደ መሪዬ ተመለስኩ። የምሽት አንድ ሰዓቱን ፈረቃ ከቂሊንጦ ስጭን ሰማዩ ገና ሙሉ ለሙሉ አልጨለመም፤ በፋብሪካው መብራትና በአቧራው መካከል ሁለት ሦስት ኮከብ ይታያል። ከሌሎች ሰዎች እኩል አያቸዋለሁ። እሱ ከኔ የበለጠ የሚያይባቸው ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ያ ይከነክነኛል። ይሄን ሁሉ ዓመት ስለ ደረሰበት ነገር አስባለሁ፣ ስለ ራሴም አስባለሁ፤ ግን ሐቁን ልናገር ካልኩ ከጸጸቱ ቀድሞ የሚመጣው ቅናቱ ነው። አብሮኝ ያረጃል።

በቀደም መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ሳለ፣ የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ "ሹፌ፣ ዛሬ ወሬ የለም እንዴ?" አለችኝ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስለ ጋዙ ነገርኳቸው፤ የሚታፈግበትን፣ የሚሳሳበትን፣ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ የሚሆነውን። ምንም አልጨመርኩበትም። ስጨርስ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ዝም አሉ። እንደዚያ ያለ ዝምታ በቀልዶቼ አግኝቼ አላውቅም።

"ሹፌ፣" አለች ልጅቷ፣ "ይሄ እውነት ነው ወይስ ያንተ ነው?"

"እውነት ነው" አልኳት። "የኔ አይደለም።"

ማርሽ አስገባሁ። "የኔ አይደለም" ማለቱ ትንሽ አመመኝ።